የመልክ ነው የመስኮት?

አድማሴ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። አንዳንዱ ሰው ሲዋሽ እንኳ ያምርበታል፤ እሱ ግን ገና አፉን ሳይከፍት ጆሮው ይቀላል፣ እጁ የጋቢውን ጫፍ ይፈልጋል። አምባ ጊዮርጊስ ገበያ በግ ይዞ ወጥቶ፣ ገዢው "አያ አድማሴ፣ በጉ ደህና ነው?" ቢለው፣ "ኧረ ሌሊት ሌሊት ያስላል" ብሎ መልሶ እየጎተተ የገባ ሰው ነው። አገር ስቆበታል። እንግዲህ ይኸው ሰው ነው አራት ወር ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ለገዛ ሚስቱ አንድ ውሸት ሲደጋግም የከረመው። ጉድ በል ጎንደር!

ውሸቱ ደግሞ አጭር ነው። "መስታወት አጣሁ።" አለቀ።

የት ነው ያጣው? ጎንደር አራዳ ነዋ! ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት አልፎ አራዳ ዕቃ በዕቃ በሆነበት ዘመን፣ መስታወት በየሱቁ ደጃፍ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ክቡ፣ ባለ አራት ማዕዘኑ፣ ጀርባው ላይ አበባ የተሳለበት። አድማሴ ለገበያ የጫነውን ገብስ አራግፎ በዚያ ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው። ቀና ያለ እንደሆነ የገዛ ፊቱ ከአሥር ቦታ ያፈጥበታል።

የነገሩ መነሻ ፈንጣጣ ነው። በአርባ አራት ዓመተ ምሕረት ክረምት ወገራ ላይ ገባና የአድማሴን ሚስት ትርንጎን ያዛት። ትርንጎ ሸጋ ነበረች። ሸጋ ስል ጎረቤት ለጎረቤት የሚለው ዓይነት ሸጋ አይደለም፤ ለሠርጓ የተገጠመላት ግጥም ዳባት ድረስ ሲዘፈን ከርሟል። አድማሴ በጭነት ማኪና አሳፍሮ ጎንደር ሐኪም ቤት አደረሳት። በሽታው ተላላፊ ነውና እሱን አላስገቡትም። አርባ ቀን ተኛች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቋን ይዞ ይወርዳል፣ ለዘበኛው ይሰጣል፣ ከዚያ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። ምን እንደሚጠብቅ እሱም አያውቀውም። ዝናብ ቢመታውም ይቆማል፤ ማኪናዋ ልትነሳ ስትል ነው እየሮጠ የሚሄደው።

በጥቅምት ወጣች። ሐኪም ረዳቱ ድሬሰር በሩ ላይ ሲያስረክበው እንዲህ አለው፦ "ደረቷ ተጎድቷል፤ ነፋስ እንዳይነካት። ግራ ዓይኗ ጠፍቷል። ቀኙም ያሰጋል፤ ቀስ እያለ ሊከተለው ይችላል።" ትርንጎ በነጠላ ተከናንባ ነበር። ቤት ገብታ ምድጃው ዳር ተቀምጣ ነጠላውን ገለጠችው። አድማሴ አየና ዓይኑን ወደ እሳቱ መለሰ።

ያን ጊዜ የመለሰውን ዓይን መልሶ ማምጣት አቃተው። ይወዳታል እኮ! ማን ነው አይወዳትም ያለ? ግን ከዚያ ወዲህ ሲቀመጥ ጎኗ ነው እንጂ ፊት ለፊቷ አይቀመጥም። ሲያጎርሳት እጁን እያየ ያጎርሳታል። በማግሥቱ ጠዋት ደግሞ ከሠርግ ሳጥኗ ውስጥ ያችን ክብ፣ ጠርዟ ቆርቆሮ የሆነ መስታወቷን አውጥቶ፣ በረቱ ግድግዳ ላይ ከሁለት ድንጋይ መሃል ወሸቃት። ለእሷ ብሎ ነው ያደረገው። ቢያንስ ለራሱ ያለው እንደዚያ ነው።

የሚኖሩት ከአውራ መንገዱ ዳር፣ ጣሊያን ለመንገድ ጠባቂዎቹ በሠራት የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ከትርንጎ መደብ በላይ አንዲት መስኮት አለች። እሷም ጣሊያን በወጣበት ጦርነት ተሰባብራ ስለቀረች አድማሴ በሳንቃ ጠርቅሟታል። የወገራ ነፋስ ቀልድ አያውቅም። ሳንቃው ከተነሣ የትርንጎ ደረት አይችለውም፤ ሳንቃው ካለ ደግሞ ቤቱ ቀን ከሌት ጨለማ ነው። ጎረቤታቸው እናኑ እንጀራ ይዛላቸው ስትመጣ በሩ ሲከፈት ብቻ ነው ብርሃን የሚገባው።

ከመጣች ሳምንት ሳይሞላት ትርንጎ ከመደቧ ላይ ጠራችው።

"አድማሴ፣ ቅዳሜ ጎንደር ትወርዳለህ?"

"እወርዳለሁ።"

"እንግዲያው መስታወት ግዛልኝ። ይቺ የቀረችው ዓይኔ እንደ እኅቷ ሳትሆን የማየው አለኝ።"

 እዚህ ላይ "ምን ልታዪ?" ብሎ ቢጠይቅ፣ አንዲት ቃል ብቻ ቢተነፍስ፣ እኔም የማወራው ባልኖረኝ ነበር። ጥያቄው አፉ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ምን ይጠይቃል? መልሱን ያወቀ መስሎታላ! ሴት ልጅ ከፈንጣጣ ተርፋ መስታወት ስትል ሌላ ምን ልታይ ትችላለች?

ብቻውንም አልተሳሳተም። እናኑ የትርንጎን ልመና ሰምታ ከንፈሯን እየመጠጠች ከደጅ ጠበቀችው። "አያ አድማሴ፣ በላይኛው ጌታ፣ እንዳታመጣላት። እንዲያው እያወቅህ ልቧን እንዳትሰብረው" አለችው። እሱም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ "አልቋል አሉ" አላት። በሁለተኛው "ነጋዴው ለቅሶ ሄዷል" አላት። በሦስተኛው ደግሞ፣ ውሸት ሲለምዱት አይደል፣ "ገዝቼ ነበር፤ ማኪናው ላይ ተሰበረብኝ" አለ።

ትርንጎ ከመደቧ ቀና ብላ እጁን ያዘችው። "ቆረጠህ እንዴ? አሳየኝ" ብላ መዳፉን ገልብጣ በጣቷ ዳሰሰችው። "እንኳን አንተን አልነካህ። በሚመጣው በጭድ ጠቅልለህ አምጣው፤ እንደዚያ ነው የሚያመጡት አሉ።"

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። አድማሴ ወጥቶ በረቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆመ። ያች ክብ መስታወት ከጀርባው ድንጋዩ ውስጥ ነበረች።

በታኅሣሥ ትርንጎ ከነጠላዋ ስር አንድ ክር አወጣች። ራሷ የፈተለችው ጥጥ ነው፤ ሁለት ቋጠሮ አለበት። "ምናልባት ልኩን ሳታውቅ እየሄድክ ይሆናል የሚቸግርህ" አለችው። "ከጫፉ እስከዚህች ቋጠሮ ወርዱ። እስከዚያችኛዋ ቁመቱ።"

አድማሴ ክሩን ዘረጋው። ቁመቱ ከክንዱ ይበልጣል። "ይህን ያህል?" አለ።

"ትንሽ ነገር አይጠቅመኝም። ሙሉውን ማየት ነው የምፈልገው።"

"ማነው የለካልሽ?"

"እኔው ነኝ። በሬዎቹን ልታጠጣ ስትወርድ ቆሜ ለካሁት።"

በቃ፣ ገላዋን ለክታለች አለ በሆዱ። ፊቷ አልበቃ ብሏት ከአንገት እስከ ደረቷ ድረስ ያለውን ጠባሳ ሁሉ ልታየው ነው። ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወዲህ አራዳ ሲሄድ እጁን ኪሱ ባስገባ ቁጥር ያ ክር ጣቱ ላይ ይጠመጠማል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ አድማሴን ግን ገና ሳይደርስበት ፍርሃቱ ብቻ ጨረሰው።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ለማንም አልተናገረም፤ ለንስሐ አባቱ ብቻ ነው። ከጥምቀት በኋላ አንድ ቀን ትርንጎ ውሃ ልትጠጣ እጇን ስትዘረጋ ዋንጫውን ስታ መደቡን ዳሰሰች። ዋንጫው ከፊቷ ነበር። አድማሴ ይህን ሲያይ መጀመሪያ ደነገጠ። ከድንጋጤው ኋላ ግን ሌላ ሐሳብ መጣበት፦ መስታወቱ ከመምጣቱ የዓይኗ መጥፋት ቢቀድም ይሻላል። መልኳን ሳታየው ብትቀር፣ እኔም መዋሸቱ ቢቀርልኝ። ወዲያው አማተበ። ቢያማትብስ! ያሰበው እሱ፣ የማይረሳውም እሱ። ሚስቱ እንድትታወር የተመኘ ባል ሆኖ ከዚያ ቤት ወጣ፤ ከዚያም በኋላ እህል ከጉሮሮው አልወርድ አለው። ትርንጎ "ምነው ከሳህ?" ትለዋለች። በዓይኗ አይታው እንዳይመስላችሁ፤ ትከሻውን ስትነካው ነው ያወቀችው።

የንስሐ አባቱ ቄስ ቢያዝን ቁጡ ሰው ናቸው። አድማሴ ከቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ስር ተንበርክኮ ሁሉንም ዘርግፎ ሲነግራቸው ሳያቋርጡ ሰሙት።

"ስግደቱን ኋላ እነግርሃለሁ" አሉት። "አሁን ተነሥና መስታወቱን ግዛላት።"

"አባቴ፣ ልቧ ይሰበራል።"

"ይሰበራ! አይታ ታልቅስ። ልቅሶም የሰው ነው። አንተ ማን ነህ እሷ የምታለቅስበትን የምትከለክላት? ተነሥ ብዬሃለሁ!"

በየካቲት የመጀመሪያው ቅዳሜ አድማሴ ጎንደር ወረደ። ገብስ አልጫነም። ቀጥ ብሎ አራዳ፣ ከሱቆቹ ሁሉ ትልቁ ወደሆነው ወደ በላቸው ሱቅ ገባና ክሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

"ይህን የሚያህል መስታወት" አለ።

በላቸው ክሩን አንሥቶ በሁለት እጁ ዘረጋው፤ ቋጠሮዎቹን አየ። "የመልክ ነው የመስኮት?" አለው።

"ምን አልከኝ?"

"መስታወቱን ነዋ። የመልክ ነው የሚፈልጉት ወይስ የመስኮት? ልኩስ የመስኮት ልክ ነው" አለና ሳቀ። "መልኩን በክር ለክቶ የመጣ ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።"

አድማሴ ክሩ ላይ አፈጠጠ። ትርንጎ፣ ቆሜ ለካሁት፣ ብላው ነበር። ከመደቧ ላይ ቆማ፣ በዚያ ደረቷ፣ እጇን ወደ ሳንቃው ዘርግታ። በጭድ ጠቅልለህ አምጣው፣ ብላው ነበር። ለጨለማ ቤት መስታወት ምን እንደሚያደርግ አራዳ ውስጥ ያለ ሕፃን ያውቀዋል፤ ቀና ቢል የሱቁ ሁሉ መስኮት ፊቱ ነው። ስንት ጊዜ በዚያ አለፈ? አንገቱን ደፍቶ! አራት ወር ከሚስቱ ጋር በአንድ ቃል ሲነጋገር፣ እሷ ስለ መስኮቱ ስታወራ እሱ ስለ ፊቷ ሲሰማ ኖሯል። ከፊቷ በቀር የሚያስበው ነገር ስላልነበረው ነው። እዚያው ያለ የጨው ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

"አያ፣ አመመዎት እንዴ? ውሃ ላምጣልዎ?" አለ በላቸው።

"የመስኮት" አለ አድማሴ። "የመስኮት ነው። ቶሎ በልልኝ።"

በላቸው በክሩ ልክ ቆረጠለት፤ በጭድ ጠቀለለለት፤ መስታወቱን ከእንጨቱ የሚያጣብቀውን ስቱኮ የሚሉትን ጭቃ መሳይ ነገርም በቆርቆሮ ክዳን ጨመረለት። አድማሴ ማኪናዋ ላይ መስታወቱን በጉልበቱ መሃል አቁሞ፣ በሁለት እጁ አቅፎ ተቀመጠ። የገበያው ሰው "አያ አድማሴ ሙሽራ ይዞ ወጣ" እያለ ቀለደበት። ማኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር "ቀስ! ቀስ በሉ!" ይላል። ወገራ እስኪደርሱ ድረስ እጁን አላነሣም።

ሲገባ ትርንጎ መደቧ ላይ ነበረች፤ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

"መጣህ? ማኪናዋን ሰማኋት።"

"መጣሁ።"

"መስታወቱስ?" አለች፤ እንደ ወትሮው፣ ምንም እንደማትጠብቅ ሰው።

"አመጣሁ።"

 ትርንጎ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አድማሴም ሌላ ነገር መናገር ፈርቶ ሥራውን ያዘ። እሷን በጋቢው ሸፍኖ ሳንቃውን ነቀለ፣ የቀረውን ስባሪ ከእንጨቱ አጸዳ፣ መስታወቱን ገጠመ፣ ዙሪያውን ስቱኮውን በአውራ ጣቱ ጠቀጠቀ። ልኩ በአንዲት ጣት እንኳ አልተሳሳተም። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ መደቡ ላይ ወደቀች፤ ነፋሱ ውጭ ቀረ። ጋቢውን ገለጠላት። ትርንጎ ፊቷን ወደ ሙቀቱ ቀና አደረገች።

አድማሴ ጠበቀ። ፀሐይዋ ዓይኗ ውስጥ ነው የገባችው፤ ዓይኗ ግን አልተርገበገበም።

"ይታይሻል?" አላት።

"ብርሃን መሆኑ ይታወቀኛል።"

"መንገዱስ? ትርንጎ፣ መንገዱስ?"

"ማየቱማ ከጥምቀት ወዲህ ሄዷል" አለች ቀስ ብላ። "ትንሽ ዘገየህ፣ አድማሴ።"

አድማሴ መደቡ ስር ተንበረከከ። ያ፣ ዓይኗ ቢቀድም ብሎ የተመኘው፣ ደርሶለታል። "ዋሸሁሽ" አላት። "መስታወት አራዳን ሞልቶት ነበር። አንድም ቀን አልጠፋም።"

"መዋሸትህንማ መች አጣሁት። ዓይኔ እያለች ጆሮህ ሲቀላ አይ የለ? ለምን እንደምትዋሸኝ ነው ያልገባኝ።"

"ፊትሽን ልታዪበት መስሎኝ።"

ትርንጎ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሳቋ ወዲያው ሳል ሆነ። ሳሉ ሲለቃት "ፊቴን?" አለች። "ፊቴንማ ሐኪም ቤት እያለሁ አይቼው ጨርሻለሁ። አልጋዬ ከመስኮቱ ስር ነበረ። ሲመሽ ውስጥ ፋኖስ ሲበራ መስታወቱ መልክ ያሳያል። ሦስት ቀን አለቀስኩና ወጣልኝ። አራት ወር ሙሉ የፈራኸው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።"

ከዚያ አድማሴ ያችን ጥያቄ ጠየቃት። በጥቅምት መጠየቅ የነበረባትን፣ በየካቲት። "ታዲያ ምን ልታዪ ነበር?"

"አንተን።"

"እኔን?"

"ሐኪም ቤት አጥሩ ጋ ስትቆም በዚያው መስታወት አይህ ነበር። አንተ አታየኝም። ዝናብ ሲመታህ፣ ስንቄን ለዘበኛው ሰጥተህ የት እንደምትሄድ ሲጠፋብህ፣ ቅዳሜ እስኪመጣ እሱን ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ቤት ከገባሁ ወዲህ ግን ፊትህን አዞርክብኝ። ጎኔ ነህ፤ አትታየኝም። መስኮቱ መስታወት ቢኖረው ከማኪናዋ ስትወርድ፣ ሳታውቅብኝ፣ እንደ ያኔው አይሃለሁ ብዬ ነበር። እሱ ነበር የማየው።"

አድማሴ አለቀሰ። እንደ ወንድ ልጅ አፍኖ ሳይሆን ድምፁን አውጥቶ፣ ግንባሩን መደቡ ላይ ጥሎ አለቀሰ። ትርንጎ አልከለከለችውም፤ አይዞህም አላለችው። ሲበቃው ግን ትከሻውን ፈልጋ ነካችው።

"ክቧ መስታወቴስ? ሳጥኑ ውስጥ የለችም።"

"በረቱ ግድግዳ ውስጥ ወሽቄያታለሁ።"

"እንግዲህ ላሞቹ ይኳኳሉባት" አለች። "አሁን ተነሣ። እዚህ ተቀመጥ። ጎኔ አይደለም፣ ፊት ለፊቴ።"

ተቀመጠ።

"ከዛሬ ወዲያ የማየው ባንተ ነው፤ ሌላ የለኝም። ውሸታም ዓይን ግን አልፈልግም። ልፈትንህ፤ ፊቴን ንገረኝ።"

"ሸጋ ነሽ" አላት አድማሴ።

"ጆሮህ ቀላ?"

"ቀላ" አለ።

"እንደገና።"

አድማሴ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሚስቱን ቀና ብሎ አየ። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ነበረች፤ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። "ግንባርሽ ሁሉ ተበሳስቷል" አላት። ትርንጎ ጣቷን ግንባሯ ላይ አሳለፈች። "የግራ ቅንድብሽ ግማሹ የለም።" ጣቷ ወደ ቅንድቧ ወረደ። "አፍንጫሽ በአንድ በኩል ተበልቷል። ጉንጭሽ ላይ ጠባሳው ከጠባሳው ተያይዟል። ግራ ዓይንሽ ነጭ ነው። ቀኙም..." አለና ቀረብ ብሎ አየ። "ቀኙም ነጭ እየሆነ ነው።" ጣቷ እያንዳንዱን ቦታ እየዳሰሰ ተከተለው። "ከከንፈርሽ በላይ ያለችው ጥቁር ምልክትሽ አለች። አልነካትም።"

"እሷ አለች?"

"አለች።"

ትርንጎ እጇን ከፊቷ አወረደች። "እሺ" አለች። "አሁን የውጭውን ንገረኝ።"

አድማሴ ወደ መስታወቱ ዞረ። ማኪናዋ ከሄደች ቆይታለች፤ የገበያውም ሰው ወደየቤቱ ገብቷል።

"መንገዱ ባዶ ነው" አላት። "የሚመጣ ሰው የለም።"

ትርንጎ ራሷን ነቀነቀች። አመነችው።